ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ከእምኩሉ ማተሚያ ቤት እስከ ነቀምት

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1931) በዕድሜ የገፉ አንድ መምህር ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እኒህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። ሕዝቡ በአብዛኛው የሚያውቃቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ በመተርጎማቸው ነው። የሕይወታቸው ሥራ ግን ከትርጉም የሰፋ ነበር። በዘመኑ እጅግ የላቀ የነበረውን የኅትመት ቴክኖሎጂ ከቋንቋ ጥናት ጋር አገናኝተው፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ምርት አስገኝተዋል፤ ምርቱ ከተሠራበት ስፍራ ተነሥቶ ተጠቃሚው ወዳለበት እስኪደርስም ድረስ ከእግሩ አልተለዩም።

በዛሬው አነጋገር ይህ የተግባራዊ ምርምር ማዕከል ሥራ ነው። የተግባራዊ ምርምር ማዕከል ማለት ዕውቀት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ በወርክሾፕ ተሠርቶ፣ በተጠቃሚ ፊት ተፈትኖ፣ ወደ አምራቹና ወደ ሕዝቡ እንዲሸጋገር የሚያደርግ ተቋም ነው። የኦነሲሞስ ሕይወት የሚያስረዳው ቁም ነገር፣ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ እጅግ አስቸጋሪው ክፍል ምርቱን መሥራት ሳይሆን ምርቱን ከሚፈልገው ሰው ደጃፍ ማድረስ መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ነፃነት

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ያወጣላቸው ስም ሂካ ነበር። ሂካ ከሚለው ስም ጀርባ ያለው የአፋን ኦሮሞ ግሥ መፍታት ማለት ሲሆን፣ የታሰረን ነገር መፍታትንም ሆነ ንግግርን መተርጎምን ያመለክታል። ሕፃኑ ሂካ ኋላ ከታሰሩበት የሚፈቱ፣ ከዚያም የሕዝባቸውን ቋንቋ ለኅትመት የሚያበቁ ሰው ይሆናሉ ብሎ ያሰበ በወቅቱ አልነበረም።

አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጡ። ኋላም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ። በዚያን ዘመን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች የሚዘልቀው የባሪያ ንግድ መንገድ ብዙ ሺህ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥሏል። ሂካም በዚሁ መንገድ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተላለፉና እየተሸጡ ምፅዋ ደረሱ። በ1870 በምፅዋ ይኖር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣቸውና በስዊድን ሚሲዮን ወደሚተዳደረው ትምህርት ቤት አስገባቸው። በ1872 ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ። ይህ ስም በሐዲስ ኪዳን ውስጥ የተጠቀሰ የአንድ ባሪያ የነበረ ሰው ስም ሲሆን ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው።

ትምህርትና ሙያ

ሚሲዮኑ ዋና ማዕከሉን ያቋቋመው ከምፅዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በእምኩሉ ነበር። በዚያ ስፍራ ትምህርት ቤት፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች መኖሪያና ኋላም ማተሚያ ቤት ነበረ። ኦነሲሞስ በትምህርታቸው ብርቱ ሆነው ስለተገኙ በ1876 ወደ ስዊድን ተላኩ። በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው ዮሃነሉንድ በተባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ከስዊድን የተመለሱት በውጭ አገር ለመኖር በሚያስችል ዕውቀት ተመክተው አልነበረም። ዓላማቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ገብቶ ማስተማር ነበር። ሆኖም በእምኩሉና በወለጋ መካከል ያለው መንገድ በተራራና በወንዝ ብቻ የተዘጋ አልነበረም፤ በጦርነትና በመንግሥታት ጥርጣሬም የተዘጋ ነበር።

ሁለት ያልተሳኩ ጉዞዎች

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1881 እና በ1882 በሱዳን በኩል ነው። ተጓዦቹ በካርቱም አድርገው በዓባይ ወንዝ ሽቅብ እስከ ፋማካ ዘለቁ። ፋማካ ለወለጋ ምዕራባዊ ጫፍ ቅርብ ነች። ነገር ግን ወደፊት የሚያሳልፍ መንገድ አልተገኘም። ሱዳንም በማህዲ እንቅስቃሴ እየታመሰች ነበር። በመጨረሻም ተጓዦቹ ለመመለስ ተገደዱ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ስዊድናዊው አሬኒየስም በሕመም ሕይወቱ አለፈ።

ሁለተኛው ጉዞ ከ1884 እስከ 1886 በሸዋ በኩል ተደረገ። ተጓዦቹ እንጦጦ ድረስ ደረሱ። ንጉሥ ምኒልክ ግን የበላያቸው ከነበሩት ከዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ፖሊሲ የተነሣ ወደ ምዕራብ እንዲያልፉ ሊፈቅዱላቸው አልቻሉም። ስለዚህ ኦነሲሞስ ዳግመኛ ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ መመለስ ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ነው። ኦነሲሞስ ግን የመንገዱን መዘጋት ለሥራ ጊዜ አደረጉት። ራሳቸው መሄድ ባይችሉም በኋላ የሚሄድ ነገር ማዘጋጀት ይችሉ ነበር። ይህም በአፋን ኦሮሞ የታተመ መጽሐፍ ነበር።

የቋንቋው ጥናት

ሥራው ሲጀመር ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው አንድ ከባድ ችግር ነበረ። ኦነሲሞስ ከአገራቸው የተወሰዱት ገና ሕፃን ሳሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደጉት አረብኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ስዊድንኛ በሚነገርባቸው ስፍራዎች ነው። ስለዚህ አፍ የፈቱበት ቋንቋ በልባቸው ቢኖርም፣ አንድ አዋቂ ገበሬ ስለ እርሻው፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ፍርዱ፣ አንዲት እናት ስለ ቤቷ የምትናገርባቸው ቃላት ብዛት አልነበራቸውም። ትልቅ መጽሐፍ ለመተርጎም ደግሞ እነዚህ ሁሉ ቃላት ያስፈልጋሉ።

ኦነሲሞስ ይህን ጉድለት አልሸሸጉትም። በባርነት ተወስደው ኋላ ነፃ የወጡ፣ ከተለያዩ የኦሮሞ አካባቢዎች የመጡ ወጣቶችን በዙሪያቸው አሰባሰቡ። አንዱ የሚያውቀውን ቃል ሌላው ላያውቀው ይችል ነበር፤ በአንድ አካባቢ የተለመደ አነጋገር በሌላው ላይ እንግዳ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል በበርካታ ተናጋሪዎች ፊት እየቀረበ መፈተን ነበረበት። ይህ ዛሬ ምርትን ከገበያ በፊት በተጠቃሚ ፊት መፈተን ከሚባለው አሠራር የተለየ አይደለም።

ከዚህ ቡድን ውስጥ ስማቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በልጅነታቸው ተይዘው ወደ የመን ሊሸጡ በመርከብ ሲወሰዱ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ደርሶ አስጥሏቸው ወደ እምኩሉ መጡ። ከኦነሲሞስ የሚለዩበት አንድ ነገር ነበር፤ አስቴር ከአገራቸው የወጡት በዕድሜ ከፍ ካሉ በኋላ ስለነበር ቋንቋውን በሙሉ ብስለቱ ይዘውት መጥተዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሰብስበው መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ይህ መዝገበ ቃላት ሐዲስ ኪዳን ከመታተሙ በፊት ትርጉሙን ለማረምና ለማቃናት አገልግሏል። ከዚህም ሌላ ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈሩ።

የሁለቱ የሥራ ክፍፍል ልብ ሊባል ይገባዋል። ኦነሲሞስ በውጭ አገር የተገኘ ትምህርትና የትርጉም ዘዴ ነበራቸው። አስቴር ደግሞ ከሕዝቡ ጓዳ የተገኘ ዕውቀት ነበራቸው። አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን ከዳር ሊያደርስ አይችልም ነበር። ከፍተኛ ትምህርት ያለው ባለሙያና በልምድ የበሰለ የአካባቢ ሰው እኩል ካልተደማመጡ፣ የተሻለ የተባለው መሣሪያ እንኳ ለአካባቢው ችግር መፍትሔ ሊሆን እንደማይችል የእምኩሉ ሥራ ያሳያል።

ከጽሑፍ ወደ ኅትመት

የተጠናው ቃል በወረቀት ላይ መስፈር ነበረበት። ኦነሲሞስ የመረጡት የግዕዝን ፊደል ነው። ይህ ምርጫ የራሱ ፈተና ነበረው። በአፋን ኦሮሞ ውስጥ በአማርኛና በግዕዝ የሌሉ ድምፆች አሉ። ከዚህም በላይ በአፋን ኦሮሞ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር የቃሉ ትርጉም ይለወጣል፤ የግዕዝ ፊደል ግን የአናባቢን ርዝመትም ሆነ የተናባቢን መጥበቅና መላላት በግልጽ አያሳይም። ስለዚህ ለአንድ ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ ለሌላ ቋንቋ እንዲያገለግል ማመቻቸት የግድ ነበር። ከውጭ የመጣ ማሽንን ለአገሩ ጥሬ ዕቃ፣ ለአገሩ ኃይልና ለአገሩ ሠራተኛ ማስማማት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ነው።

ቀጥሎ የማተሚያው ሥራ መጣ። በዚያ ዘመን ኅትመት የሚከናወነው ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ነጠላ ፊደላትን በእጅ እየለቀሙ፣ በመስመር እየደረደሩ፣ ቀለም እየቀቡና በወረቀት ላይ እየተጫኑ ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ 26 ፊደላትን በትንሹና በትልቁ ዓይነት ይዞ ሲሠራ፣ የግዕዝ ፊደል ለቃሚ ግን ከ200 በላይ የተለያዩ ቅርጾችን በመደርደሪያ ለይቶ ማስቀመጥና በፍጥነት ማግኘት ነበረበት። ፊደላቱ በወረቀት ላይ ቀጥ ብለው እንዲወጡ በብረቱ ላይ የሚቀረጹት ተገልብጠው ነው። ስለዚህ ለቃሚው ጽሑፉን እንደ መስተዋት ምስል ማንበብ መቻል አለበት። ከዚያ የመጀመሪያው የሙከራ ገጽ ይታተማል፤ ተርጓሚው ያርመዋል፤ የተሳሳተው ፊደል በመቆንጠጫ ወጥቶ በሌላ ይተካል። የአንድ መጽሐፍ እያንዳንዱ ገጽ በዚህ መንገድ ያልፋል።

በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ ታተመ። በ1893 ሐዲስ ኪዳን በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ወጣ። በ1894 ደግሞ ኦነሲሞስና አስቴር ያዘጋጁት፣ ጀልቀበ በርሲሳ የተሰኘው የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ታተመ። አስቴር ከሰበሰቧቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብዙዎቹ በዚህ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል። የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 ተፈጽሞ በ1899 በስዊዘርላንድ በምትገኘው ቅድስት ክሪሾና ታተመ።

የእነዚህን ዓመታት ክብደት ለመገንዘብ አንድ ንጽጽር ይበቃል። ኋላ የአገሪቱ ትልቁ ማተሚያ ቤት የሆነው ብርሃንና ሰላም የተቋቋመው በ1921 ነው። ስለዚህ ሐዲስ ኪዳን በአፋን ኦሮሞ በእምኩሉ ሲታተም ብርሃንና ሰላም ሊቋቋም ገና 28 ዓመት ይቀረው ነበር።

ከመጻሕፍቱ መካከል የንባብ መማሪያው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ኦነሲሞስና አስቴር ትልቁን መጽሐፍ ብቻ አትመው ቢተዉት ኖሮ የሚያነበው ሰው ባልተገኘ ነበር። ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ የታተመ መጽሐፍ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሌለው ማሽን ነው። ስለዚህ ምርቱንና ምርቱን መጠቀም የሚያስተምረውን መጽሐፍ ጎን ለጎን አዘጋጁ። መማሪያውም ልጁ ከእናቱና ከአያቱ አፍ በሚያውቀው ተረት ስለሚጀምር፣ ተማሪው አዲስ የሚሆንበት ፊደሉ ብቻ እንጂ ነገሩ አልነበረም።

የመጨረሻው ርቀት

መጻሕፍቱ ተጠናቀቁ። ተጠቃሚው ግን ሩቅ ነበር። ሐዲስ ኪዳን ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ኦነሲሞስ ወለጋ እስከገቡበት ጊዜ ድረስ 11 ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የአድዋ ጦርነት ተካሄደ፤ ኦነሲሞስ ይሠሩበት የነበረው ስፍራ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ ተጠቃሚው ሕዝብ ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ነበር። አንድ ምርት ከጥራቱ ጉድለት ሳይሆን ከመንገድ ማጣት የተነሣ በመጋዘን ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በመጨረሻ በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ገቡ። አስቴር ጋኖም አብረዋቸው ከመጡት መካከል ነበሩ። በልጅነታቸው በግድ ከተወሰዱበት የአገሪቱ ምዕራብ፣ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ተመለሱ። በባርነት ወደ ባሕር የወረዱ ሕፃን መጽሐፍ ይዘው ወደ ደጋው ወጡ። በመጀመሪያ የደረሱት ቦጂ ሲሆን፣ ከእርሳቸው በፊት የመጡ ጓደኞቻቸው በዚያ ሥራ ጀምረው ነበር። ከዚያም መኖሪያቸውን በነቀምት አደረጉ።

ነቀምት ያኔ የሌቃ ነቀምት ገዢ የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር መቀመጫ ነበረች። ደጃዝማቹ ከመጠመቃቸው በፊት የሚታወቁት ኩምሳ ሞረዳ በሚለው ስማቸው ነው፤ የቤተ መንግሥታቸው ግቢም ዛሬ ድረስ በነቀምት የሚጎበኝ ቅርስ ነው። ከተማይቱ ወርቅ፣ ቡናና ሌላም ሸቀጥ የሚተላለፍባት የንግድ መናኸሪያ ስለነበረች ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ይገናኝባታል። ደጃዝማቹ ኦነሲሞስን በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስም በነቀምት ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ጀመሩ። በእምኩሉ የታተመው መማሪያ መጽሐፍ የታሰበለትን ተማሪ ያገኘው በዚህን ጊዜ ነው።

ክልከላና ትዕግሥት

ተቀባይነቱ ያለ ተቃውሞ አልቀረም። ኦነሲሞስ በአፋን ኦሮሞ ይሰብኩ ስለነበርና የሚከተሉት እምነት ከአካባቢው ካህናት እምነት የተለየ ስለነበር በ1906 በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ክስ ቀረበባቸው። ከአገር እንዲወጡም ተወሰነባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን አሻሽለው፣ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን ዳግመኛ እንዳይሰብኩ አዘዙ።

ይህ ትእዛዝ በኦነሲሞስ ሕይወት ውስጥ ከባድ ፈተና ነበር። በዓላማቸው ደጃፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ከሥራቸው ግማሹ ተከለከለ። ሆኖም ትምህርት ቤታቸው አልተዘጋም። ለበርካታ ዓመታት በተፈቀደላቸው ወሰን ውስጥ ሆነው ፊደል ማስቆጠርንና ንባብ ማስተማርን ቀጠሉ። በዚህ መካከል ከአገር የመባረር ስጋት እንደገና ተነሥቶባቸው ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መጻሕፍቱን ሲያከፋፍሉና ሲያስተምሩ ኖሩ። አስቴር ጋኖ ደግሞ ከእርሳቸው በኋላ ረጅም ዘመን ኖረው በ1964 ዐረፉ።

ከሕይወታቸው በኋላ የቀረው

አፋን ኦሮሞ ከ1991 ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ ነው። የእምኩሉ የእርሳስ ፊደላትም ዘመናቸው አልፏል። ነገር ግን ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ቃል በቃል ሰብስበው፣ አመሳክረውና አርመው ያኖሩት የቋንቋ ሀብት ከመሣሪያው ጋር አላለፈም። ይህም ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር ያስተምራል። ማሽን ያረጃል፤ በሌላ ማሽን ይተካል። በማሽኑ አማካይነት የተጠራቀመ ዕውቀትና የሠለጠነ ሰው ግን ለሚቀጥለው ማሽን መሠረት ይሆናል።

ኦነሲሞስ ያለፉበት የሥራ ቅደም ተከተልም ዛሬ ላይ በግልጽ ይነበባል። አስቀድሞ ችግሩ ተለየ። ሁለተኛ፣ የጎደለው ዕውቀት ከባለቤቶቹ ተሰበሰበ። ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣው ቴክኖሎጂ ለአገሩ ቋንቋ እንዲስማማ ተደረገ። አራተኛ፣ ምርቱ ተፈትኖና ታርሞ ወጣ። አምስተኛ፣ አጠቃቀሙን የሚያስተምር መማሪያ ተዘጋጀለት። ስድስተኛ፣ አዘጋጁ ራሱ ምርቱን ይዞ ተጠቃሚው ወዳለበት ሄደ። ከእነዚህ ስድስት እርምጃዎች አንዱ እንኳ ቢጎድል ሥራው ፍሬ አያፈራም ነበር። ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ደግሞ ስድስተኛው ነው።

በዛሬይቱ ወለጋ ለተገልጋዮች ያሉ አማራጮች

ኦነሲሞስ የሚሠሩበት ወርክሾፕና ተጠቃሚው ሕዝብ በሁለት የተለያዩ ግዛቶች ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ይህ ርቀት እጅግ አጥሯል። በነቀምት እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በጊምቢና በሻምቡም ግቢዎች አሉት። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማር ጎን ለጎን ምርምር የማድረግና ለማኅበረሰቡ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። ስለዚህ በሥራው ላይ ቴክኒካዊ ችግር የገጠመው አምራች፣ ገበሬ ወይም የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ችግሩን ለዩኒቨርሲቲው የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ማቅረብ ይችላል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይሰጣሉ። አገልግሎቱ አራት ነገሮችን ያካትታል። እነርሱም የቴክኒክ ክህሎት ሥልጠና፣ የቴክኖሎጂ ድጋፍ፣ የኢንተርፕረነርሽፕ ምክርና የካይዘን አሠራር ናቸው። በቴክኖሎጂ ድጋፍ ሥር አሠልጣኞች የተመረጠን መሣሪያ ናሙና ሠርተው፣ ፈትነው፣ አባዝቶ ለሚሸጠው ኢንተርፕራይዝ ያሸጋግራሉ። መካከለኛና ከፍተኛ አምራች ድርጅቶችም በአዲስ አበባ ከሚገኘው የአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ወደነዚህ ተቋማት የሚሄድ ተገልጋይ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ሥራው ይቃናለታል። አንደኛው የችግሩ ግልጽ መግለጫ ነው፤ የትኛው ሥራ ምን ያህል ጊዜ፣ ጉልበት ወይም ብክነት እንደሚያስከትል በጽሑፍ ቢሰፍር መልካም ነው። ሁለተኛው ናሙና ነው፤ የተሰበረው ዕቃ፣ የሚፈጨው እህል ወይም የሚፈለፈለው ቡና ለባለሙያው ከቃል ይልቅ ያስረዳል። ሦስተኛው ተጠቃሚው ነው፤ አዲሱን መሣሪያ በቀዳሚነት የሚሞክሩትና ጉድለቱን የሚናገሩት ሰዎች ከወዲሁ ቢታወቁ፣ መሣሪያው ተሠርቶ በወርክሾፕ ውስጥ እንዳይቀር ይረዳል።

አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው መብቱን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 123/1995 መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥም ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ነባር መሣሪያን አሻሽሎ አዲስ ጠቀሜታ ለሰጠ ሰው የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ይህም ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ፈጠራው ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ በኤግዚቢሽን ከማሳየት ወይም ለገበያ ከማቅረብ በፊት ማመልከት ይመረጣል።

ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምት የሚያደርስ መንገድ ለማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚኖር ዜጋ ወደ ባለሙያ ለመድረስ ያን ያህል መጠበቅ አይገባውም፤ ባለሙያውም በበኩሉ የሠራውን ይዞ ወደ ዜጋው መሄድ ይጠበቅበታል።